ከሥሯ ያላየኋት መኪና

ጋራዤ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው በኖራ የተቀባ ግንብ ነው፤ በግንቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ የከሰል መስመር ተሰምሯል። ያሰመሩት ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃዬ ናቸው። ገመድ ወጥረው፣ ውሃ ልክ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያሰምሩት የገመዱን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የቤት መኪና ከግንቡ አሥር እርምጃ ርቆ ሲቆም የአጭር መብራቱ አናት እዚያ መስመር ላይ ማረፍ አለበት። ካለፈ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ካነሰ ነጂው የራሱን መንገድ አያይም።

አለቃዬ መብራት የሚያስተካክሉበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ባዶ መኪና አይነኩም። "በኛ አገር ባዶውን የሚሄድ መኪና አይታችኋል?" ይሉና ከጎረቤት ሻይ ቤት ሰው ይጠራሉ። ሻይ ጠጪው ብርጭቆውን እንደያዘ ይመጣል፤ ወፍራሙን ከኋላ፣ ቀጭኑን ከፊት አስቀምጠው መኪናዋን እንደ ገበያ ቀን ይሞሏታል። ተሳፋሪዎቹ የትም አይሄዱም፤ ግንብ ግንቡን እያዩ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ በአለቃዬ ይቀልዳሉ። "ወልድያ ስንደርስ ቀስቅሱኝ" የሚል አይጠፋም ነበር። እሳቸው ሳይስቁ ካርቶን አንጥፈው መጀመሪያ ከመኪናዋ ሥር ይገባሉ። ሞላውን፣ ብሎኑን፣ እግሩን ሁሉ በእጃቸው ዳብሰው ከወጡ በኋላ ነው ካቻቢቴ የሚያነሱት። የመብራት በሽታ የሚጀምረው ከሥር ነው ብለው ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ እንጃ።

እኔ ግን ችኩል ነኝ። በዚያ ላይ ጭቃ አልወድም። መካኒክ ሆኖ ጭቃ የማይወድ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልፈለግሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ እህትና ወንድም አንዲት ነጭ የቤት መኪና ይዘው መጡ። አለቃዬ ያን ጊዜ ጋራዡን ለኔ ለቀው ቤታቸው ተቀምጠዋል። እህትየው ከሳዑዲ የተመለሰች ናት፤ ወጣትነቷን በሰው ቤት ጨርሳ ያመጣችው ነገር ያቺ መኪና ናት። ወንድሟ ገና ሃያዎቹን የጀመረ፣ ረጅም፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው። ተሳፋሪ እየጫነ በሐይቅና በውጫሌ መካከል ይመላለሳል። እህቱ እሱ በሚሰማው፣ እሱን እያየች እንዲህ አለችኝ፦ "እሱ እንዳይሰደድ ብዬ ነው የተሰደድኩት። አሁን እዚሁ እናቱ አጠገብ ይሥራልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ።" ልጁ ወደ መሬት አየ።

የመኪናዋ ሕመም ቀላል ነበር። "ጋሼ፣ እግሯ ሥር ያለውን ብቻ ነው የምታየው" አለኝ ልጁ። አስነስቼ አየሁት፤ እውነትም የሁለቱም መብራት አናት ከመስመሩ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ግንቡ እግር ላይ ተኝቷል። እህትየው ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች፦ የሸጠላት ሰው መኪናዋ ስትነሳ መብራቷ በራሱ ጊዜ ዝቅ ከፍ ይላል ብሏት ነበር፤ አሁን ግን እንደዚያ ሲያደርግ አይታው አታውቅም። እኔ ሳቅሁ። "በራሱ የሚነሳና የሚቀመጥ መብራት ካየሽ ጂኒ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ከኔ ይልቅ ቃልቻ ፈልጊ" አልኳት። እሷም ሳቀች። ያን ሳቅ ዛሬ ሳስታውሰው ይሰቀጥጠኛል።

ጂኒ አልነበረም፤ እኔም ልቤ ያውቀው ነበር። እንዲህ ያሉ መኪኖች ከኋላ እግራቸው አጠገብ፣ ከሥር፣ ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የምትበልጥ ሴንሰር አለቻቸው። ከሴንሰሯ የጣት ርዝመት ያላት ክንድ ትወጣለች፤ ክንዷን ከመኪናው እግር ጋር አንዲት ቀጭን ዘንግ ታያይዛታለች። ኋላዋ ሰው ሲሞላ የመኪናዋ ቂጥ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ይነሳል፤ አፍንጫዋ ሲነሳ መብራቷም ሽቅብ ሊያይ ነው። ያኔ ዘንጓ ክንዷን ወደ ላይ ትገፋለች፣ ሴንሰሯ መጫኗን ትናገራለች፣ መብራቱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሰው ሲወርድ ክንዷ ትወርዳለች፣ መብራቱም ቀና ይላል። ይኸው ነው። መብራቱ እግሯ ሥር ተደፍቶ የቀረ መኪና ሲመጣ ካርቶን አንጥፎ ያችን ክንድ ማየት ነበር።

የዚያን ቀን ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ የአጎቴ ልጅ ኒካህ ነው፣ እኔም ነጭ ጀለቢያ ለብሻለሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈጥርም። ጀለቢያዬን ሰብሰብ አድርጌ ኮፈኑን ከፈትሁ፤ ከመብራቶቹ ጀርባ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች በካቻቢቴ አዞርሁ። ግራውን አራት ዙር ተኩል፣ ቀኙንም አራት ዙር ተኩል። መብራቱ ግንቡን እየወጣ መጥቶ መስመሩ ላይ ቁጭ አለ። እንደ ልማዴ ብሎኖቹ አናት ላይ ቢጫ ቀለም ነካ አደረግሁ፤ ይህ የኔ ሥራ ምልክት ነው። ልጁ ደስ ብሎት "ወላሂ ጋሼ፣ ዓይኗን አበራህላት" አለኝ። ሰውም አልጠራሁ፣ ከሥርም አልገባሁ። ኒካሁ ላይ በጊዜ ደረስሁ።

ክረምቱ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ። አለቃዬ ልጃቸው የተዳረችው ውጫሌ ነውና በሳምንት በሳምንት በአሮጌ ሞተራቸው እየሄዱ ያዩዋት ነበር። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለሱ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ጠመዝማዛው ላይ ከሐይቅ የምትመጣ ነጭ መኪና ተገናኘቻቸው። መብራቷ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። መንገዱ ጠፍቷቸው ከዳገቱ ጠርዝ ወደ ገደሉ ወረዱ። ነጂው ያ ልጅ ነበር። መኪናውን አቁሞ፣ እሾሁን በእጁ እየገነጠለ ወርዶ፣ ተሸክሞ ያወጣቸው እሱ ነው። ደሴ ድረስ ይዟቸው የሄደም እሱ ነው። ልብሱ በደም እንደራሰ የሆስፒታሉ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሳና "አጭር ነበር ጋሼ፣ ወላሂ አጭር ነበር የያዝኩት" አለኝ። እኔ የሰማሁት እንደ ሰው ሁሉ ነው፤ ራሱን ለማዳን የሚለው መሰለኝ። አብሽር አልኩትና አልፌው ገባሁ።

አለቃዬ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ሚስታቸው በአንድ ወገን፣ ልጃቸው በሌላው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ስይዛቸው ዓይናቸውን ገለጡና ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ "መብራቱ አናቱ የተቆረጠ ነው" አሉ። ልጃቸው እያለቀሰች "እየቃዡ ነው" አለችኝ። አልቃዡም። የረጅም መብራት ብርሃን ዝም ብሎ ይፈስሳል እንጂ ወሰን የለውም፤ የአጭር መብራት አናት ግን በቢላዋ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ያለ ነው፤ ግንባችን ላይ ሁለታችን ዕድሜ ልካችንን ስናየው የኖርን ነው። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ፣ ሊወድቁ ሲሉ፣ ያ ቀጥ ያለ ወሰን ፊታቸው ላይ ሲወጣ አይተውታል ማለት ነው። ልጁ አጭር ነበር የያዘው። መብራቱ ነው ከልኩ በላይ የወጣው።

"ልጁን አትጫኑት" አሉ። ቀጥለውም ወደኔ ብቻ እያዩ፣ "ከሥሯ እያት። ማን ነው ያስተካከላት?" አሉኝ።

"አላውቅም አለቃ" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሱም። እስከዛሬም የማየው ያንን አስተያየት ነው። በሦስተኛው ቀን አረፉ፤ ሐይቅ ዳር ባለው የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ድንኳኑን የተከልነው፣ ሬሳውን የተሸከምነው እኛ የቅሬው ሰዎች ነን፤ ቅሬያችን እስላምም ክርስቲያንም ያለበት የቀብርና የእርዳታ ማኅበር ነው። እኔ ከፊት ሆኜ ተሸከምሁ። ሰው ሁሉ እንደ ልጃቸው ስለሚያየኝ ከኔ በላይ ያዘነ የለም ብሎ ያጽናናኝ ነበር፤ እያንዳንዱ አብሽር የሚለኝ ሰው ደረቴ ላይ ድንጋይ ይጭናል።

ነጯ መኪና በምርመራ ምክንያት ሐይቅ ፖሊስ ጣቢያ ፊት ለፊት መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ከቀብር መልስ በአጠገቧ ሳልፍ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ተንበረከክሁና ከሥሯ አየሁ። ዘንጓ ተሰብራለች፤ ስብራቱ የዝገት ልብስ ለብሷል፤ ድሮ የተሰበረ ነው። ክንዷ ወደ ታች ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ከክንዷ በላይ የደረቀ የክረምት ጭቃ ቅርፊት ተጣብቆ ቀርቷል፤ የክንዷ ቅርጽ ጭቃው ላይ እንዳለ ታትሟል። ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ክረምቱን ጭቃው ክንዷን ወደ ላይ ቀርቅሮ ይዟት ኖሯል፤ ሴንሰሯ መኪናዋ ሁልጊዜ የተጫነች እየመሰላት መብራቱን አስጎንብሳ ያዘችው። እኔ የተደፋውን መብራት በብሎን እየጎተትሁ አቀናሁት። ኋላ በጋው ጭቃውን አደረቀው፣ መንገዱ አራገፈው፣ ክንዷ ወደቀች፣ መብራቱ በራሱ ቀና አለ፤ እኔ ያቀናሁት ደግሞ በዚያ ላይ አለ። ሁለቱ ተደምረው ብርሃኑን ሰው ፊት ላይ አወጡት። የጫማዬን ክር አስሬ ተነሳሁና ሄድሁ።

ፖሊስ ጉዳዩን ይዞ ልጁን በዋስ ለቀቀው። ከሕጉ ይልቅ የከበደው ሽምግልናው ነበር። ከሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ሼኩም ቄሱም፣ የቅሬው ዳኛም፣ የሁለቱም ወገን ሽማግሎች ተቀመጡ። በኛ ዘንድ ዕርቅ የሚፈጸመው ያጠፋው ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ቀርቦ፣ በገዛ አፉ አጥፍቻለሁ ሲል ነው። አፉን የያዘ ሰው ድንጋዩ አይነሳለትም። ልጁ ድንጋዩን ተሸክሞ ከአለቃዬ ሚስት ፊት ተንበረከከ።

"ምን ይዘህ ነበር?" አሉት ሽማግሌው።

"አጭር።"

"ልጄ፣ ጠይቀንሃል እንጂ አልከሰስንህም። ምን ይዘህ ነበር?"

"አጭር ነበር አባቴ።"

ሦስተኛ ጠየቁት፤ ሦስተኛ አጭር አላቸው። ያኔ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አብረውት የተሳፈሩት ሰዎች መንገዱ እንደ ቀን በርቶ ነበር ብለው መስክረዋል፤ የሟች ወንድሞች አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። ዕርቁ ሊፈርስ ነው። እህቱ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ አጠገቡ ተደፋችና "በላ ወንድሜ፣ ረጅም ነበር በላ፣ በናታችን ሞት!" አለችው። ልጁ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ላይ እየተዘዋወረ የመጣ ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ቆም ያለ መሰለኝ። እኔ ለሽማግሎቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ የቆምሁ ነኝ።

"ረጅም ነበር" አለ። "አጥፍቻለሁ።"

የአለቃዬ ሚስት ተነስተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከአንገቱ አነሱለት። ዱዓ ተደረገ፣ ምርቃት ተመረቀ። እኔ ወንበሩን አስቀመጥሁ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ እንደ ሰው አዘንሁ ብል እዋሻለሁ፤ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከላዬ ላይ አንድ ነገር ወርዶ በሰው አንገት ላይ ሲቀመጥ በዓይኔ አየሁ፤ ደስም አለኝ። ለዚያች ደስታ ነው እንቅልፍ የከፈልሁት።

ልጁ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። በወራት ውስጥ በጅቡቲ በኩል አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ገባ ሲባል ሰማሁ። እህቱ መኪናውን ሸጣ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ከፈተች። በአጠገቧ ሳልፍ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ግንቡ ግን የሚዞሩበት መንገድ የለውም። ጋራዤ ያለው መታጠፊያ ላይ ስለሆነ፣ አመሻሽ ላይ ከውጫሌ የሚመጣ መኪና ሁሉ ሲታጠፍ መብራቱን በጋራዡ በር በኩል ወደ ውስጥ ይወረውራል። ሁለት ብርሃን ግንቡ ላይ ዱብ ይላል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ መስመሩን ያልፋል፣ ይጠፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብርሃኑ መስመሩን ሲያልፍ ከኋላዬ ካርቶን ሲነጠፍ የምሰማ ይመስለኛል። ዞር እላለሁ፤ ማንም የለም። ሠራተኞቼን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ማቆየት አቃተኝ፤ ምክንያቱን አልነግራቸውም፤ በሩን በጊዜ እዘጋለሁ። የመብራት ሥራ የያዘ መኪና ሲመጣም ደሴ ሂዱ እላለሁ። አንድ ዓመት ለዒድ ግንቡን ሁለት እጅ ኖራ አስቀባሁት። ኖራው ሲደርቅ ከሰሉ ግራጫ ሆኖ ብቅ አለ። ሦስተኛ እጅ ማስቀባት ፈራሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ከመርሳ የመጣ የእህል ነጋዴ መኪናውን ወደ ግቢዬ አስገባ። ነጭ ናት። ኋላ መከላከያዋ ተጨራምቷል፣ ወንበሮቿ ተቀይረዋል፤ አላወቅኋትም። ሰውየው ገና ሳይወርድ ማማረር ጀመረ፦ "ከፊት የሚመጣው ሁሉ እናቴን ሳይቀር ይሰድበኛል! ዝቅ አድርግ ይሉኛል፤ ዝቅ አድርጌያለሁ። ሦስት ጋራዥ ገባሁ፣ አምፖል ቀየሩ፣ ሽቦ ቀየሩ፣ ያው ነው።" ደሴ ሂድ ልለው አፌን ከፍቼ፣ እንዲያው እጄ ለምዶበት ኮፈኑን አነሳሁት። ከመብራቱ ጀርባ፣ ብሎኑ አናት ላይ፣ አቧራ የለበሰ ቢጫ ቀለም አለ።

አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁ፤ ደግሜ ጠረግሁ። ሰውየው "ምነው ጋሼ፣ አመመህ እንዴ?" አለኝ። አላመመኝም አልኩት። ካርቶን አመጣሁ፤ አነጠፍሁ፤ ከሥሯ ገባሁ። ከሥሯ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ክንዷ እንደተንጠለጠለች ናት። ዓመታትን እንደዚያው ተንጠልጥላ ሄዳለች፤ ስንት ሰው ዓይን ውስጥ እንደገባች አላህ ይወቀው። ሰውየው ግንቡን እያየ እንዲነግረኝ አዘዝሁትና ክንዷን በአንድ ጣቴ ወደ ላይ ገፋሁ። ከፊት በኩል መብራቶቹን የሚያነሱትና የሚጥሉት ትንንሽ ሞተሮች እዝዝታ ተሰማኝ። "ወረደ!" አለ ሰውየው። ጣቴን ለቀቅሁ። "ወጣ! አለፈው፣ መስመሩን አለፈው!" አለ። ደግሜ ገፋሁ፤ ደግሜ ለቀቅሁ። ወረደ፤ ወጣ። አንድ ጣት ነው። አንድ ጣትና አንድ ካርቶን። ከመኪናው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ የማላውቀው ሰው ከላዬ እየተገረመ፣ አለቀስሁ።

አዲስ ዘንግ ከደሴ አስመጣሁ። ክንዷን ከእግሩ ጋር አያይዤ፣ ብሎኖቹን አራት ዙር ተኩል፣ አራት ዙር ተኩል ወደ ኋላ መለስሁ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአለቃዬ ሞት ወዲህ ወደ ሻይ ቤቱ ሄጄ ሰው ጠራሁ። ብርጭቋቸውን ይዘው መጡ፤ ወፍራሙን ከኋላ አስቀመጥሁት። ቂጧ ወረደ፣ መብራቱ ግን ትንሽ ተንቀጥቅጦ መስመሩ ላይ ረጋ። አወረድኋቸው፤ መብራቱ አሁንም መስመሩ ላይ ነው። ሞላኋት፣ አራገፍኋት፤ ከመስመሩ አልተነቃነቀም። ማንም አልቀለደም፤ ፊቴን አይተው መሰለኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አለቃዬ ሚስት ሄድሁ። ቤታቸው ወደ ሐይቁ ገዳም በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። በር ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ልቀመጥ አልቻልሁም፤ ቆሜ ነገርኋቸው፤ ጭቃውን፣ ጀለቢያውን፣ አራት ዙር ተኩሉን፣ ሆስፒታል የዋሸሁትን ውሸት፣ ወንበሩን። አላቋረጡኝም። እጃቸው ምስሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

"እመብርሃን ትወቀው፤ እሱ ሊሞት ሲል ልጁን አትጫኑት ብሎን ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ትኩሳት ነው ብለን ተውነው። ያን ድንጋይ እኮ በገዛ እጄ ነው ያነሳሁለት፤ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ። ምኑን ነው ይቅር ያልኩት?" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ልጁ ያውቃል?"

"አያውቅም እትዬ።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?"

ይቅርም አላሉኝ፣ አልረገሙኝም። ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ለሳቸው የማለቅስላቸው፣ እግራቸው ላይ የምወድቅላቸው መስሎኝ ነበር የሄድኩት፤ ለዚያ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ እህቱ ሱቅ ነው የሄድሁት፤ ካሰብሁ እንደማልሄድ አውቃለሁ። ለሷም ነገርኋት። የያዘችውን የስኳር ከረጢት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "እኔ ነኝ በላ ያልኩት" አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለራሷ። "በእናታችን ሞት አስምዬ።" ስልኳን አወጣችና በኢሞ ደወለች፤ ሰላምታም ሳትሰጠው ስልኩን ለኔ ዘረጋችልኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት የዶሮ ጫጫታ ነው፤ የሚሠራው ዶሮ እርባታ ነው። አሠሪዎቹ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሲፈልጉ መኪና ነድቼ አላውቅም ይላቸዋል አለችኝ ኋላ እህቱ። ማን እንደሆንሁ ስነግረው "ጋሼ! እንዴት ናችሁ፣ አገር እንዴት ነው?" አለኝ፤ ድምፁ ጎርንኗል። ያለ ሰላምታ ጀመርሁ። ሁሉን ነገርሁት። ስጨርስ ዶሮዎቹ ብቻ ይሰማሉ፤ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠራሁት።

"አለሁ" አለ። "ጋሼ፣ ግን እኔ ረጅም ነበር የያዝኩት።"

"አልያዝህም። አጭር ነበር። ብለህ ነበር እኮ፣ ሦስት ጊዜ ብለሃል።"

"መጀመሪያ ለአፍ ብቻ ነበር ያልኩት፤ ወላሂ፣ ለእህቴ ብዬ። ኋላ እዚህ መጥቼ ስተኛ እጄ ትዝ እያለኝ መጣ። ይኸ ግራ እጄ። ወደፊት ሲገፋው አየሁት። ጋሼ፣ አየሁት እኮ፤ ሌት ተቀን የማየው እሱን ነው። ሰውየውን የገደለ እጅ ነው እያልሁ ነው ሳጥበው እንኳ..."

"እጅህ ምንም አላደረገ። የኔ እጅ ነው" አልኩት።

እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ፣ "እስቲ ድገምልኝ" አለኝ።

"አጭር ነበር የያዝከው" አልኩት።

"ድገምልኝ።"

ደገምሁለት። እህቱ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ሦስተኛም አስደገመኝ፤ ሦስተኛም አልኩት።